የልጁን ምሳ የመረጠው ማን ነው?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለሚሆናቸው 63 የካሊፎርኒያ ሕፃናት አምስት ዓይነት ምግብና መጠጥ አቀረቡላቸው። እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት፣ ግማሹ ደግሞ የፈጣን ምግብ ኩባንያው የማክዶናልድስ ምልክት ባለበት ወረቀት ቀረበ። ከወረቀቱ በቀር ምንም ልዩነት የለም። «የትኛው ይጣፍጣል?» ተብለው ሲጠየቁ ከአምስቱ በአራቱ ምልክቱ አሸነፈ። በድንች ጥብሱማ ከአራት ሕፃናት ሦስቱ ያህል ባለምልክቱን መረጡ። ከግሮሰሪ የተገዛው ካሮት እንኳ በዚያ ወረቀት ሲቀርብ ይበልጥ ጣፈጣቸው።

ሕፃናቱ አልዋሹም፤ በእርግጥም ጣፍጧቸዋል። ጥናቱ ከሥነ ምግብ አልፎ የፍልስፍና ጥያቄ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። አባት ልጁን ይዞ ምግብ ቤት ገብቶ «ምን ልዘዝልህ?» ሲለው ልጁ ወዲያው ይመልሳል። ያ መልስ የልጁ ምርጫ ነው ወይስ ሌላ ሰው ቀድሞ ያስቀመጠለት?

«ልጅም ሰው ነው፤ ደስ ያለውን ይብላ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ከፍቅር የመጣ ቃል ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ይሁን እንጂ የግለሰብ ነፃነት ታላቅ ጠበቃ የነበረው ጆን ስቱዋርት ሚል ራሱ፣ በ1859 ስለ ነፃነት ባሳተመው መጽሐፉ ልጆችን ለይቶ አውጥቷል። በራሱ ላይ ማዘዝ የሚገባው አእምሮው የበሰለ ሰው ነው ብሏል። ከእሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚቀድመው አርስቶትል ደግሞ በጎነት በልማድ እንደሚገነባ፣ ሰው በልጅነቱ በምን መደሰት እንደለመደም ኋላ ሕይወቱን እንደሚወስነው አስተምሯል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ የልጅን ምላስ አንድ ሰው ማስለመዱ አይቀርም፤ ወላጁ ካላስለመደው ሻጩ ያስለምደዋል።

ሻጩ ይህን ከብዙዎች ቀድሞ ተረድቷል። የልጆች ምግብ አጀማመሩ መልካም ነበር። በ1970ዎቹ በጓቲማላ የማክዶናልድስ ቤት ከባለቤታቸው ጋር የከፈቱት ዮላንዳ ፈርናንዴዝ ደ ኮፊኞ፣ የአዋቂ ድርሻ ለልጅ እንደሚበዛ አይተው አነስ ያለ የልጆች ምግብ አሰናዱ። በ1979 ግን «ሃፒ ሚል» የተባለው የኩባንያው የልጆች ምግብ በመላው አሜሪካ ሲወጣ፣ ሳጥኑና በውስጡ ያለው መጫወቻ ከምግቡ እኩል የሚሸጡ ሆኑ። መጫወቻ አይቶ ለሚያለቅስ የአራት ዓመት ልጅ ስለ ጨውና ስለ ስብ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት በ2010 መፍትሔ ያለውን ሞከረ። ምግቡ ከ600 ካሎሪ ካላነሰ፣ ጨውና ስቡ ካልተገደበ፣ ፍራፍሬና አትክልት ካልተጨመረበት መጫወቻ በነፃ አብሮ እንዳይሰጥ ከለከለ። ሕጉ በታኅሣሥ 2011 ሥራ ላይ ሲውል ማክዶናልድስ መጫወቻውን በ10 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ሕጉ አልተጣሰም፤ ልጁም መጫወቻውን አላጣም።

እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ታዲያ ሁሉም የወላጅ ኃላፊነት ነው» ሊል ይችላል። ከዚያ ቀደም ብሎ በኒው ዮርክ ሁለት ታዳጊዎች ስለ ውፍረታቸው ማክዶናልድስን በከሰሱበት ጉዳይ፣ የፌዴራሉ ዳኛ ሮበርት ስዊት በ2003 ክሱን ሲዘጉ ማንም ሰው እዚያ እንዲበላ አልተገደደም የሚል ሐሳብ ሰጥተው ነበር። ለአዋቂ ሰው ይህ ትክክል ነው። ልጅ ግን ገንዘቡም መኪናውም የራሱ አይደለም፤ ፍላጎቱ እንኳ፣ እንዳየነው፣ ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም።

ይልቅ ልዩነት ያመጣው ሳይጠየቅ አብሮ የሚመጣውን መለወጥ ነው። የመዝናኛ ፓርኩ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በ2006 የልጆች ምግብ ሲታዘዝ በድንች ጥብስና በለስላሳ ፈንታ ፍራፍሬ ወይም አትክልት፣ ከወተት ወይም ከውኃ ወይም ከጭማቂ ጋር እንዲቀርብ አደረገ። ድንችና ለስላሳ የፈለገ መጠየቅ ይችላል። ኋላ ሲጠና ግማሽ ያህሉ ደንበኛ ከምግቡ ጎን የመጣውን፣ ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ደግሞ መጠጡን ሳይለውጥ ተቀብሏል። ካሊፎርኒያም ከ2019 ጀምሮ ከልጆች ምግብ ጋር ሳይጠየቅ የሚቀርበው መጠጥ ውኃ ወይም ያልጣፈጠ ወተት እንዲሆን በሕግ ደንግጋለች። ነገሩ ቀላል አይደለም። 355 ሚሊ ሊትር የያዘ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ ከ2 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ለሙሉ ቀን የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም በታች ነው።

ሃይማኖት ልማድን አስቀድሞ የማስያዝን ጥበብ ከኩባንያዎቹ በፊት ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ልጁን ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ረቡዕና ዓርብ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መታቀብን ያለማምደዋል። ሙስሊሙ ቤተሰብም ልጁ ረመዳንን እስከ እኩለ ቀን በመጾም እንዲጀምር ያደርጋል። «አሁን አይሆንም፤ ሲፈሰክ ትበላለህ» እየተባለ ያደገ ልጅ የፈለገውን ሁሉ በፈለገበት ሰዓት ማግኘት ግዴታ እንዳልሆነ ያውቃል። ይህ ከማንኛውም የካሎሪ ሠንጠረዥ የበለጠ ስንቅ ነው።

ለዚህ ሥርዓት ገበያውም ሲገዛ ታይቷል። በሲንሲናቲ የማክዶናልድስ ቤት የነበረው ሉ ግሮን፣ ካቶሊክ ደንበኞቹ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ገበያው ሲቀዘቅዝበት በ1962 የዓሣ ሳንድዊች ይዞ መጣ። ኩባንያው በ1996 ሕንድ ሲገባ ደግሞ የበሬ ሥጋ ትቶ ገባ። ጥቂት ሰዎች አንድ ቀን እምቢ ስላሉ የሆነ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት እምቢታ ስለጸና ነው።

አስተውሎት የሚያስፈልገው ግን እዚህም ላይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ የምትኖር እናት በጾም ቀን «ድንች ብቻ ነው» ብላ ለልጇ የድንች ጥብስ ልትገዛ ትችላለች። በአሜሪካ የሚሸጠው የማክዶናልድስ ድንች ጥብስ ግን የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ አለበት፤ ማጣፈጫው ከወተትና ከስንዴ የተገኘ ነገር እንደያዘም ድርጅቱ ራሱ በዝርዝሩ ይገልጻል። በ2001 ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሌሎች ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ከሰው፣ በ2002 ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የዓሣ ሳንድዊቹም ቢሆን አይብና እንቁላል ያለበት ስልስ አለው። ጾሙ ለመንፈስ፣ ጤናው ለሥጋ ቢባልም የሁለቱም ጠባቂ አንድ ነው፤ የሚበላውን አጣርቶ የሚጠይቅ ወላጅ።

ስለዚህ ወላጅ ወረፋው ላይ ሳይሆን ከቤት ሳይወጣ ይወስን። መጠጡ ውኃ ወይም ወተት ይሁን፤ ድንቹ ትንሹ ይሁን ወይም ለሁለት ልጅ አንድ ይበቃል፤ ፍራፍሬ ካለ ይታዘዝ፤ ዶሮው ከተጠበሰው በፊት የተጋገረ ወይም በግሪል የበሰለ መኖሩ ይጠየቅ። ልጁ ፖም ወይስ ብርቱካን፣ ውኃ ወይስ ወተት ብሎ ይምረጥ፤ ለዕድሜው የሚበቃው ነፃነት ይህ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ለልጆች ውኃና ፍራፍሬ ከሌለ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን አስጠርታችሁ ንገሩት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሳችሁ ጠይቁ።