አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ

ከጣና በስተሰሜን ባለ አንድ መንደር፣ አንድ ሸማኔና አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበሩ። ጎረቤት የሚለውም ለአፍ ያህል ነው፤ በሁለቱ ቤት መካከል የቁልቋል አጥር ነበር፣ ከቁልቋሉ የባሰ ደግሞ ወሬ። ሴትዮዋን ቡዳ ናት ይሏታል። በገንቦዋ ውሃ ይቀዳሉ፣ በምጣዷ እንጀራ ይጋግራሉ፤ እሷ ስታልፍ ግን ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ሸማኔውም ቢሆን በአገሩ ወግ ሙያው ከእሷ ብዙ አይሻልም ነበር። የተናቀ ሰው ከእሱ የባሰ የተናቀ ሲያገኝ ግን ልቡ ያርፋል።

ሸማኔው የሰባት ዓመት ልጅ ነበረው። ልጁ ሦስት ዓመት ከሞላው ወዲህ መኝታ አርጥቦ አያውቅም። አንድ ጥቅምት ላይ ጀንዲውን ማርጠብ ጀመረ። እናቱ መጀመሪያ ዝም አለች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በሦስተኛው ሳምንት አባቱ የሸመነለትን ጋቢ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው አጥር ላይ አሰጣችው። እንዲያፍር ብላ ነው። የሰፈር ልጆች ግጥም አወጡለት።

በእነዚያ ሳምንታት በልጁ ዙሪያ አንዳች ነገር ያላየ ሰው አልነበረም። አያቱ ማታ የሞላችውን ገንቦ ጠዋት ጎድሎ ታገኘዋለች፤ ሌሊት እየተነሳ በቅል የሚጠጣው ልጁ ነው። መምህሩ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስቴ «ልውጣ» ሲለው ተማርሮ ወደ ኋላ ወንበር ወርውሮታል። ታላቅ ወንድሙ፣ ልጁ በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲተራመስ አይቶ ስቋል። አባቱ፣ ቁምጣው ከወገቡ እየወረደ ቢያስቸግረው በተረፈ ክር መታጠቂያ ሠራለት፤ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ያንኑ መታጠቂያ አሳጠረው። እናቱ ደግሞ ጋቢ ታጥባለች። አምስት ሰው፣ አምስት ክር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት አምስቱም ያውቁታል፤ ሸማኔ ቤት ነው እንግዲህ።

ከዚያ ማስመለስ መጣ። ልጁ ሆዴን ይላል፤ ትንፋሹ ዳገት እንደወጣ ሰው ጥልቅና ፈጣን ሆነ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ታይፎይድ ነው አለ፣ ሌላው የሳንባ ምች፣ ሦስተኛው «ይኼማ የዓይን ነው»። ሦስተኛው አሸነፈ። መቼም ጥፋተኛ ያለው በሽታ ጥፋተኛ ከሌለው ይቀላል። ሁለት ጎልማሶች ሄደው ሸክላ ሠሪዋን እየጎተቱ አመጧት፣ እንትፍ እንድትልበት።

እሷ እንትፍ አላለችም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ይኼን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ያለፈበት ፍሬ ይመስላል። የኔም ልጅ እንዲህ ይሸት ነበር። ስኳር ነው ሲሉኝ አስከሬኑን ታቅፌ ነበር።» ወደ አያቲቱ ዞረች። «ውሃ ይጠጣል?» አያቲቱ ገንቦውን አየች። «ሽንትስ?» ወንድምየው አንገቱን ደፋ። «ከስቷል?» አባትየው መታጠቂያውን በጣቱ ያዘ። እናቲቱን የጠየቃት የለም፤ ጋቢው ከአጥሩ ላይ ይታያል።

በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል ሲያደርሱት መሽቷል። ከጣቱ ደም ጠብ አድርገው ቢለኩት መሣሪያው ቁጥር አልሰጥ አለ፤ ብዙዎቹ መለኪያዎች ስኳሩ ከ600 ሲያልፍ «ከፍተኛ ነው» ብለው ያቆማሉ። በደም ሥሩ ፈሳሽና ኢንሱሊን ሰጡት። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ጠየቀ።

የቀጠና ነርሷ፣ ሲስተሯ፣ እናቲቱን አስቀምጣ አስረዳቻት። «እኛ ቆሽቴ አረረ የምንለው ስንናደድ ነው። የዚህ ልጅ ቆሽት ግን እውነትም ተጎድቷል፤ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠራውን ክፍል አጥፍቶበታል። ስኳር ስለበላ አይደለም፣ ዓይን ስላየውም አይደለም። እንጨት ደጅሽ ተከምሮ በሩ ቢቆለፍብሽ ምን ታነጃለሽ? ማገሩን። ኢንሱሊን የዚያ በር ቁልፍ ነው። ሲጠፋ ሰውነት ደሙን የሞላውን ስኳር መጠቀም አቅቶት የራሱን ስብ ያነዳል። ልጆችን የሚገድለው ጭሱ ነው።» ያን ጭስ ሐኪሞች ኪቶን ይሉታል።

እናቲቱ መውጋቱንም መለካቱንም ተማረች። ኢንሱሊኑ በሙቀት እንዳይበላሽ ሸክላ ሠሪዋ ድርብ ማሰሮ ሠራችላት፤ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ አለ፣ ሸክላው ባላበው ቁጥር ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዋጋውንም ተቀበለች። ለምን አትቀበል?

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

በክረምቱ እናቲቱ ለቅሶ ሄዳ ሁለት ቀን ቆየች። ልጁ አተኮሰው፤ ምግብ እንቢ አለ። አያቲቱ መርፌውን አየችው፣ የልጁን ባዶ ሆድ አየችው። «ያልበላ ልጅ እንዴት ይወጋል?» ብላ ወደ ማሰሮው መለሰችው። ከፍቅሯ ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልጁ አስመለሰ፣ ያ ሽታም መጣ። ወንድምየው ማንንም ሳይጠይቅ በቁልቋሉ ሾልኮ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ደረሰ። በዚህኛው ጊዜ ቃሬዛው ሳይመሽ ተነሳ።

ሲስተሯ አያቲቱን አልተቆጣችም። እናቲቱን ነበር ያየቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺን ብቻ አስተማርኩ፤ እውቀቱም አንቺን ተከትሎ ለቅሶ ሄደ።»

እሑድ ሁሉንም ጠራቻቸው፤ አያቲቱን፣ አባቱን፣ ወንድሙን፣ መምህሩን፣ ሸክላ ሠሪዋንም። ሲታመም የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀርም፤ ባይበላም መርፌው ጨርሶ አይቋረጥም፣ መጠኑን ደውላችሁ ጠይቁ፤ በየሦስት አራት ሰዓቱ ለኩ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጡት፣ ማስመለሱ ካላቆመ ወይም ትንፋሹ ከተለወጠ ነገ አትበሉ። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለነገሩ ከተነጫነጨ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታጠጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲስተሯ ግን በራስ መነቅነቅ የምታምን ሴት አልነበረችም። «እማማ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ያስተምሩኝ። እኔ ምንም የማላውቅ ጎረቤት ነኝ፤ ልጁም ምግብ እንቢ ብሏል።» አያቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። ውሃውን አልረሳችም፣ መለካቱን አልረሳችም፣ መርፌው ጋ ስትደርስ ግን «ከበላ በኋላ…» ብላ አፏን ያዘች። ተሳሳቁ። እንደገና ጀመረች። በሦስተኛው ልክ ሆነ። ከማንም ይልቅ አጥብቃ የያዘችው እሷ ሆነች።

መምህሩ ጠየቀ፤ «ገና ያልታወቀበትስ ልጅ?»

ሲስተሯ የፓርማን ነገር ነገረችው። በዚያች የጣልያን ከተማና በዙሪያዋ፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ አንድ ቀላል ሥዕል ተለጠፈ። መኝታ ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረና ውሃ ካበዛ አስመርምሩት የሚል ነው። ከዚያ በፊት አዲስ በስኳር ከታመሙት ልጆች 78 በመቶው በዚህ ጭስ ታፍነው ነበር ሆስፒታል የሚደርሱት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። የገባበት ገንዘብም ብዙ አልነበረም።

መምህሩ ሥዕል አይሆንለትም። ቢሆንም በትምህርት ቤቱ በር ላይ በከሰል አንድ አጥር፣ በላዩ አንድ ጋቢ፣ ከሥሩ ውሃ የሚቀዳበት ቅል ሣለ። ጋቢው በግ ይመስላል ብለው ልጆቹ ሳቁበት፤ እየሳቁም ለምን እንደተሣለ ተማሩ።

በዓመቱ ከወንዙ ማዶ ባለ አንድ ቤት አጥር ላይ እርጥብ ጋቢ ተሰጥቶ ዋለ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አዩት፣ አንዱ መዝፈን ጀመረ። ያን ግጥም መጀመሪያ ያወጣው ልጅ ግን አብሮ አልዘፈነም። ደብተሩን ለጓደኛው አቀብሎ ወደ ግቢው ዘለቀ፣ በሩ ላይም ቆመ።

«እትዬ፣» አለ፣ «ልጅዎ ሌሊት ሌሊት ውሃ ይጠጣል?»