የሚታይ እጅ

አንድ ሰው ሲሠራ ሌላው ቆሞ ሲያይ፣ ተመልካቹ ለሠሪው የሚከፍለው ዕዳ አለበትን? ሰው የሌላውን ድካም እንደ ትርኢት ቢያይ ነውር ነው ወይስ ክብር? ይህን ጥያቄ ያጠነከረብኝ በቤልጅግ አገር፣ በብሩዥ ከተማ የሚገኘው የዳንቴል ማእከል ነው። ማእከሉ ያለው ቀድሞ መነኮሳይያት ዳንቴል ያስተምሩበት በነበረ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ሴቶች ትራሳቸውን ከፊታቸው አድርገው በሕዝብ ፊት ይሠራሉ።

እኛ ዳንቴል ስንል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በኪሮሽ ተሠርቶ የየሳሎኑን ጠረጴዛና ሶፋ የሚያለብሰው ነው። የብሩዡ ግን ሌላ መንገድ አለው። በትራሱ ላይ ነጥብ በነጥብ የተበሳ ወረቀት ይዘረጋል፤ ክሩ በትናንሽ የእንጨት ዘንጎች ላይ ይጠመጠማል፤ ሥራው እየገፋ ሲሄድ በየቀዳዳው እስፒል ይተከላል። የእጁ እንቅስቃሴ በመሠረቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ማሻገርና መጠምዘዝ። ከነዚህ ከሁለቱ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ መረቡም ይወጣል። ለሰፊ ሥራ በመቶ የሚቆጠሩ ዘንጎች ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮጳ መኳንንት አንገታቸውንና እጅጌያቸውን በዚህ ሥራ ሲያስጌጡ የሠሪዋን እጅ አላዩም። ሠሪዋ ድኻ ነበረች፤ ብዙዎቹም ሥራውን የጀመሩት ገና በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ነበር። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1670 ገደማ የሣላት፣ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ያለችው ዳንቴል ሠሪ፣ ዐይኗን ከክሩ ላይ አላነሣችም። ሥዕሉ ራሱ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኋላ መኪና መጣ። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት እ.ኤ.አ. በ1809 የመረብ ዳንቴል የሚሠራ መኪና የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1816 ደግሞ ቁጡ ሠራተኞች ሎክበራ በነበረው ፋብሪካው ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩ። መኪናው ግን አልቆመም።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ዳንቴሉ በውድ በሚሸጥበት ዘመን እጁ ተሰውሮ ኖረ። እጁ በአደባባይ ሲታይ ደግሞ ዳንቴሉ ገዢ አጣ፤ ለድካሙ የሚመጥን ዋጋ የሚከፍል ጥቂት ነውና። ያን ጊዜ ሥራው ተፈልጎ ሠሪዋ ተረሳች፤ ዛሬ ሠሪዋ ትታያለች፤ ሥራዋ ግን ለመኖሪያ አይበቃትም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? መታየት ብቻውን መከበር እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

ይህን የእኛ ታሪክም ይመሰክራል። ሸማኔው የሠራውን ጥበብ ለብሰን ዐውደ ዓመት አክብረናል፤ ሸማኔውን ግን ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ቡዳ እያልን ሰድበናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ዐዋጅ ስድብን ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ አክብሮትን አይወልድም። ዛሬ በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች በባህል ቀን ረከቦቱንና ጀበናውን ለእንግዳ እናሳያለን። ቡና የምታፈላዋ እኅታችን ፎቶግራፍ ይበዛላታል። በአገር ቤት እናቷ ስታፈላ ግን እጇን ልብ ብሎ ያየ ማን ነበር?

«እንዲህ ከሆነ ማሳየት ከንቱ ነው፤ የሞተን ሙያ መገነዝ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። በዚህ አልስማማም። የሞተን ነገር ማንም ቆሞ አይማረውም። በስሎቬንያ የምትገኘው ኢድሪያ የሜርኩሪ ማዕድን ከተማ ነበረች። የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች የባሎቻቸውን ደመወዝ በዳንቴል ይደጉሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው የዳንቴል ትምህርት ቤት ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ልጆች ያስተምራል፤ ዩኔስኮም በ2018 የአገሪቱን የዳንቴል ሙያ በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ የሚታየው እጅ የሚተካው እጅ አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ተመልካች ነገ ሠሪ የሚሆንበት በር ክፍት ከሆነ፣ ማሳየት ማስተማር ይሆናል። በሩ ከተዘጋ ግን ሠሪዋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳለች ዕቃ ትሆናለች።

ስለዚህ ለማሳየትም ለማየትም ሕግ ያስፈልጋል እላለሁ። የምታሳየው የጣቷን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የጊዜዋን ርዝመት ታሳይ፤ የጣት ስፋት ለማይሞላ ቁራጭ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀባት ትናገር፤ ከተቻለም አራቱን ዘንጎች በተመልካቹ እጅ ታስይዘው። ክሩ በእጁ ሲወሳሰብበት የዋጋን ትርጉም ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይረዳል። የሚያየውም «እንዴት ያምራል!» ብሎ ከመሄዱ በፊት «ስንት ጊዜ ወሰደብሽ? ከማን ተማርሽው? ማንስ ይወርስሻል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ቆሞ እስኪሰማ ድረስ ያየው እጅን እንጂ ሰውን አይደለም።