ልክህ ስንት ነው?

በአማርኛችን ውስጥ ብዙ ሸክም ከተጫነባቸው አጫጭር ቃላት አንዱ «ልክ» ይመስለኛል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ «ልክህን ልውሰድ» እንባላለን። የተናገርነው እውነት ሲሆን «ልክ ነህ» ይሉናል። ተናድዶ የዋለ ሰው «ልክ ልኩን ነገርኩት» ብሎ ይፎክራል። ጥጋበኛውን «ልክ አስገባዋለሁ» እያሉ ይዝቱበታል። ዝቅ ያለው ከፍ ወዳለው ሲንጠራራ ደግሞ «ልክህን እወቅ!» የሚል ተግሣጽ ይወርድበታል። ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል የገላን ስፋት፣ እውነትን፣ ቅጣትንና ማኅበራዊ ደረጃን ባንድ ጫንቃ ተሸክማለች። ለመሆኑ እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ናቸውን? «ልክህን እወቅ» ስባል የታዘዝኩት ራሴን እንድለካ ነው ወይስ ሌላው በለካልኝ እንድኖር?

ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ቀለል ባለ ዕቃ በኩል ልቅረበው። የእጅ ሰዓትን መርጫለሁ። ምክንያት አለኝ። ጫማ ስንገዛ ቁጥሩን እንጠይቃለን። ሱሪ ስንገዛ ወገባችንን እናስለካለን። ቀለበት እንኳ በጣታችን ሞክረን ነው የምንወስደው። የእጅ ሰዓት ግን አብዛኞቻችን በዋጋው፣ በስሙ ወይም በብልጭታው እንመርጠዋለን እንጂ ለካነው አናውቅም። ማሰሪያው ይጠባል፣ ይሰፋል፤ ስለዚህ ለማንም ይሆናል ብለን እናስባለን። በእርግጥም ለማንም ይታሰራል። ለማንም ይሆናል ማለት ግን አይደለም።

መለካቱ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ክር ይበቃል። ክሩን ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ ብሎ፣ ሰዓት በሚታሰርበት ቦታ ላይ አንድ ዙር ማዞር፣ ከዚያም በማስመሪያ ላይ መዘርጋት ነው። ዙሩ 16 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ሰው እጀ ቀጭን ነው፤ የሰዓቱ ገጽ ስፋት ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይስማማዋል። 17 ወይም 18 የሆነ መካከለኛ ነው፤ ከ38 እስከ 42 ሊሸከም ይችላል። 19ና ከዚያ በላይ የሆነው ከዚህ ቢያልፍም አይከብድበትም። ይሁን እንጂ የገጹ ስፋት ብቻውን ያታልላል። ማሰሪያው ከላይና ከታች የሚያያዝባቸው ጆሮዎች አሉ፤ ከአንዱ ጆሮ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለው ርዝመት ከእጅ አንጓው ጀርባ አልፎ መንጠልጠል የለበትም። ውፍረቱም የሸሚዝ እጅጌ ሥር የሚገባ ቢሆን መልካም ነው። ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ትንሿ ጣት ከሥሩ ገብታ ብትወጣ በቂ ነው፤ እጅ በሙቀትና ወደ ማታ ላይ ያብጣልና። በመጨረሻም ሰዓቱን ከላይ ወደ ታች ብቻ አለማየት ነው። ከአፍንጫችን ሥር ስናየው ይገዝፋል። መስተዋት ፊት ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሌላው ሰው በሚያየን ርቀት ማየት ይበጃል።

ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ታዲያ ለምን ይስተናል? መልሱን የሰዓቱ ታሪክ ይነግረናል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓ የእጅ ሰዓት በአብዛኛው የሴቶች ጌጥ ነበር። ወንዱ ሰዓቱን በሰንሰለት አስሮ በኪሱ ይይዝ ነበር። ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት ግን በምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር፣ ማጥቃቱ በደቂቃ ተቆጥሮ በሚጀመርበት ሰዓት፣ ኪሱን የሚዳብስበት ጊዜም ትርፍ እጅም አልነበረውም። ሰዓቱን እጁ ላይ አሰረ። «የሴት ነው» ይባል የነበረው ዕቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወንድነት ምልክት ሆነ። እጁ ያው እጅ ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

በኋላም የጨዋ ወንድ ሰዓት የሚባለው ትንሽ ነበር። ፓቴክ ፊሊፕ በ1932 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካላትራቫ የተባለው ስመ ጥር ሰዓት ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ትልልቅ ሰዓቶችም አልጠፉም፤ ግን ለሥራ ነበር። የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች በጨለማ ውኃ ውስጥ እንዲነበብላቸው 47 ሚሊ ሜትር የሆነ ፓኔራይ ያስሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል መንገድ መሪዎች የነበራቸው ሰዓት 55 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሚታሰረውም ከወፍራሙ ጃኬት እጅጌ በላይ ነው። ግዝፈቱ ምክንያት ነበረው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ምክንያቱ ቀርቶ ግዝፈቱ ብቻ ገበያ ወጣ። ውኃ ውስጥ ጠልቆ የማያውቅ ሰው የጠላቂ፣ አውሮፕላን ነድቶ የማያውቅ ሰው የአብራሪ ሰዓት አሰረ።

የሮሌክስ ኤክስፕሎረርን ነገር ብንመለከት ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። ይህ ሰዓት ለአሥርት ዓመታት 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ኖረ። በ2010 እ.ኤ.አ. 39 ሆነ። በ2021 ተመልሶ 36 ገባ። በ2023 ደግሞ 40 የሆነ ሌላ ታናሽ ወንድም፣ ታላቅም ልበለው፣ ተጨመረለት። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሰው ልጅ የእጅ አንጓ አንዴ ወፍሮ አንዴ ከስቶ ነበርን? አልነበረም። ስንወፍርና ስንከሳ የነበርነው በሌላ በኩል ነው።

ከኛው ታሪክ ጋር የሚነካካ ምሳሌም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ቀርቦ፣ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከጨረታው የወጣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ነበር። ቀን፣ ወርና የጨረቃን መልክ የሚያሳየው ይህ ሰዓት ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ንጉሠ ነገሥት ያሰረው ልክ ዛሬ አንድ ወጣት ከመደርደሪያ አንሥቶ «አነሰኝ» ብሎ የሚመልሰው ልክ ነው።

አንድ ቀን ፒያሳ፣ ከአንድ ሰዓት ሠሪ መስኮት ሥር ተራዬን ስጠብቅ የሰማሁትን ላውጋችሁ። ከፊቴ የነበረው ሠላሳውን የተሻገረ ሰው አንድ አሮጌ ሰዓት ከመሐረብ ፈትቶ አቀረበ።

«ጋሼ፣ የዚህን ማሽን ትልቅ ቤት ውስጥ ሊያስገቡልኝ ይችላሉ?»

ሽማግሌው ማጉያውን ከዓይናቸው አወረዱ። «ለምን ሲባል?»

«የአባቴ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ትተውልኝ ነው። ጓደኞቼ ግን የሴት ነው እያሉ አስቸገሩኝ።»

«አባትህ ሲያስሩት የሴት ነው ያላቸው ነበር?»

«ኧረ ምን ሲደረግ!»

«እስቲ እጅህን አምጣ።» ሰዓቱን እጁ ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ እጅህ የአባትህ እጅ ነው። ሌላ ነገር የለመደው የጓደኞችህ ዓይን ነው። እሱን ደግሞ እኔ አልጠግንም።»

ሰውየው ሣቀ። ማሰሪያውን ብቻ አስቀይሮ ሄደ።

የሽማግሌው አነጋገር ከአንድ የጥንት ፈላስፋ አሳብ ጋር ይገጥምብኛል። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በጎነት የመብዛትና የማነስ መካከል ነው ብሎ ያስተምራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «መካከለኛ ሁን፣ አትብዛ አትነስ» ማለቱ ነው ብሎ ይወስደዋል። እሱ ግን ወዲያው የሚጨምረው ነገር አለ። መካከሉ ለሁሉም አንድ አይደለም ይላል። አሥር ምናን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኝ ለሁሉም ስድስት አያዝም። ስድስቱ ለታላቁ ታጋይ ለሚሎ ያንሰዋል፤ ትግል ለሚጀምረው ይበዛበታል። ስለዚህ ልክ የሚገኘው በሁለት ጫፎች መካከል ማስመሪያ አድርጎ በማጋመስ አይደለም፤ ሰውየውን በማየት ነው። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ ሰዓት ለአንዱ ጨዋነት፣ ለሌላው ጉራ፣ ለሦስተኛው ንፍገት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲህ ‹ልክህን እወቅ› የሚሉን ልክ ናቸው ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ አልፈርድበትም። መለየት ያለብን ነገር ይኸው ነው።

በድሮው ሥርዓት ሰው የሚለብሰው በገላው ልክ ብቻ አልነበረም። ካባና ላንቃ ከንጉሥ የሚሸለም የማዕረግ ልብስ ነበር። ባለ ገንዘብ ስለሆነ ብቻ ማንም ተነሥቶ አይደርበውም። «ልክህን እወቅ» የሚለው ትእዛዝ የተወለደው እንዲህ ባለው ዓለም ውስጥ ይመስለኛል። ትርጉሙም «ራስህን ለካ» ሳይሆን «እኛ ለክተን የሰጠንህን አትለፍ» ነው። ያ ሥርዓት አለፈ። ልማዱ ግን መልኩን ለውጦ ቆየ። ትናንት ልካችንን የሚሰጠን ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ የሚሰጠን ገበያው፣ ማስታወቂያውና የጓደኛ አፍ ነው። ትናንት «ይህን አትልበስ» ይለን ነበር፤ ዛሬ «ይህን ካላሰርክ ሰው አይደለህም» ይለናል። አንደኛው ይከለክላል፣ ሁለተኛው ያስገድዳል። ሁለቱም ግን ክሩን ከእጃችን ነጥቀው ራሳቸው ይለኩናል።

ከዚህም የሚከፋው ይህ ልኬት ወጪ አለው። የወር ደመወዙን አልፎ ተበድሮ ባለ 46 ሚሊ ሜትር ሰዓት ያሰረ ሰው አውቃለሁ። ሰዓቱ እየተንሸራተተ መዳፉ ላይ ስለሚወድቅበት ሲጽፍ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቢያንስ ዶማው ይቆፍራል።

ግን በዚያው ሚዛን ሌላኛውን ጥፋት አለመናገር አድልዎ ይሆናል። አሪስቶትል ከሚገባው በላይ ራሱን የሚያገዝፈውን ብቻ አይነቅፍም፤ የሚገባውን ያህል እንኳ ለራሱ የማይሰጠውንም ይነቅፋል። እኛ ግን ሁለተኛውን ትሕትና ብለን እናሞግሰዋለን። እጀ ሰፊዋን ነርስ «ለሴት ይህ ነው የሚያምረው» ብለን የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሰዓት ስንሸልማት፣ የበሽተኛ የልብ ምት የምትቆጥርበት የሰከንድ ቆጣሪ በቅጡ እንደማይታያት አናስብም። እሷም ይሉኝታ ይዟት ታስረዋለች። ይህ ትሕትና አይደለም። በሌላ ሰው ክር መለካት ነው።

የእጅ አንጓ አጥንትም ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይገባ እቀበላለሁ። ዓይናቸው የደከመ አባት እጃቸው ቀጭን ቢሆንም ቁጥሩ ጎላ ያለ፣ ገጹ ሰፋ ያለ ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ከድንጋይና ከብረት ጋር የሚውል ሠራተኛ ቀጭን የወርቅ ሰዓት ልኩ ቢሆንም ሥራው አይደለም። ከወላጅ የተረፈ ሰዓት ትንሽ ቢያንስ ወይም ቢበዛ፣ ከአጥንት ሌላ የሚለካ ነገር ስላለ ይታሰራል። ስለዚህ ልክ ስል ገላንም፣ ሥራንም፣ ትዝታንም ጨምሬ ነው። የማልጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ከእኔ ሳያንስ ከእኔ በላይ ሆኖ የሚታይልኝን ፍርሃት።

ይህን ነጻነት አናውቀውም እንዳንል ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይመሰክርብናል። ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣው ሰዓት ጧት ሰባት ሲል እኛ አንድ ሰዓት እንላለን። ቀናችን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ስትወጣ ነውና። አንዳንዱ ቆጣሪውን ራሱን ዞር አድርጎ በኛው አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ሌላው እንዳለ ትቶት ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን ያነባል። የመሣሪያውን ፊት ሳንፈራ ለኛ ፀሐይ አስማምተነዋል። ጊዜን የሚያህል ነገር በራሳችን ልክ ያነበብን ሰዎች፣ የምናስርበትን ስፋት ለሌላ ሰው ዓይን መስጠታችን ይገርመኛል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ሁልጊዜ ስለ ተውሶ ጌጥ ይነገራል። እኔ ግን በገዛ ገንዘባችን የገዛነው ወርቅም ቢሆን በሌላ ሰው ዓይን ከመረጥነው የሰው ወርቅ ነው እላለሁ። ከእንግዲህ «ልክህን እወቅ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልቆጣም። ምክሩ መልካም ነው፤ የምቀበለውም ክሩን እኔ ከያዝኩት ብቻ ነው። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ሰዓት ሊገዙ ሲሄዱ ከገንዘቡ ጋር አንድ ክር በኪስዎ ይያዙ። ሻጩ ቢሥቅብዎት ይሣቅ፤ የሚያስሩት እርስዎ ነዎት።