«ምን ያደርግልሃል?»

አገር ቤት ደውሎ «ዘንዶ ገዛሁ» የሚል ሰው፣ ድንጋጤው ካለፈ በኋላ የሚጠብቀው ጥያቄ «ምን ያደርግልሃል?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ያደግንበት ቤት ለእንስሳ ቦታ የሚሰጠው በሥራው ነው፤ ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች፣ በሬ ያርሳል፣ አህያ ይሸከማል። ሲያረጁ የምንራራላቸውም ውለታቸው ስላለብን ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰው ቤቱ የሚያኖረው ቦል ፓይተን የተባለው ዘንዶ በዚህ ሚዛን አይመዘንም። መርዝ የለውም፤ አድጎም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ጅራቱን እየቆላ አይቀበልህም፣ ስትጠራው አይመጣም።

ለአዲስ ገዥ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ደግሞ «ተወው» የሚል ነው። ቤት ከገባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ባይነካ ይመረጣል። የመስታወት ቤቱ አንደኛው ጫፍ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላኛው 26 ገደማ ይሁን፤ በሁለቱም በኩል ጠባብ መደበቂያ ይኑር፤ ውኃ አይጥፋ፤ አየሩ አይድረቅ፤ ማሞቂያው እንዳያቃጥለው በቴርሞስታት ይያዝ፤ ክዳኑ ይቆለፍ። ከዚያ በኋላ እጅን መሰብሰብ ነው። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ቦል ፓይተን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ መጠበቅ እንጂ ማስጨነቅ አይጠቅመውም።

ይህ ለእኛ ይከብዳል። ፍቅርን የተማርነው «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ከሚል ጉርሻ ነው፤ እምቢ ያለን እንግዳ ዝም ብሎ መተው ነውር ነው። ለዚህ እንስሳ ግን ልመናችን ጭንቀት ነው። መውደድና ደስ መሰኘት አንድ እንዳልሆኑ እንዲህ በግልጽ የሚያሳይ ፍጥረት ብዙ አላውቅም።

ግን ትልቁ ደግነት አለመንካት ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ያዝነው? አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ቀኑን በአይጥ ጉድጓድ ወይም በምስጥ ኩይሳ ውስጥ አሳልፎ ሌሊት ይወጣል። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ለአሥርተ ዓመታት ወደ ውጭ ሲልኩት ኖረዋል። በዚያችው በቤኒን፣ በዊዳ ከተማ፣ የዘንዶ መቅደስ አለ፤ ከመቅደሱ ወጥቶ ሰው ቤት የገባውን በክብር ይመልሱታል እንጂ አይመቱትም። ዛሬ በየገበያው ያለው ብዙው በሰው እጅ የተፈለፈለ መሆኑም ከጥያቄው አያድነንም፤ የተወለደበት ሳጥን የእኛ ነውና።

የውለታው ሒሳብ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በዱር ያለው ዘንዶ ሲሞቀው ወደ ጥላ፣ ሲበርደው ወደ ፀሐይ ይሄዳል። ያንን ምርጫ ነፍገነው ስናበቃ የምናበራለት ማሞቂያ ስጦታ አይደለም፤ የወሰድነውን መመለስ ነው፣ ያውም በከፊል። በየጊዜው ከማቀዝቀዣ አውጥተን የምናሟሙቅለት አይጥም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ አንዱን ለማኖር ሌላ ነፍስ እንከፍላለን። ባለዕዳ ደግሞ ከአበዳሪው ምስጋና አይጠብቅም።

ዕዳው ረጅም ነው። በደንብ የተያዘ ቦል ፓይተን 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። በውጭ ያለን ብዙዎቻችን ግን ዕድሜያችንን የምንቆጥረው በቪዛና በቤት ኪራይ ውል ነው፤ የሚቀጥለውን ክረምት የት እንደምናሳልፍ እንኳ አናውቅም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ራስን መጠየቅ የሚገባው «እወደዋለሁ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ነገ አገር ብለውጥ ማን ይረከበዋል?» ብሎ ነው። የሚረከበውን ሰው በስሙ መጥራት ያልቻለ ባይገዛ ይሻላል።

ለአገር ቤቱ ጥያቄ ደግሞ ቀጥተኛ መልስ አለ፤ ምንም አያደርግልኝም፣ ያለብኝ እኔ ነኝ።