ቱቦውን ሳትዘጉ ንስሐ አትበሉ

ስሙ! ክረምት ገብቶ ዶፍ እስኪወርድ ጠብቃችሁ የሽንት ቤታችሁን ጉድጓድ በጨለማ ተገን በቱቦ ወደ ጎርፍ መውረጃው የምትለቁ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። ጨለማው ከጎረቤት ሰውሯችሁ ይሆናል፤ ከፈጣሪ ግን አልሰወራችሁም።

የለቀቃችሁት የት እንደሚደርስ እወቁ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን እድፍ ተሸክመው በአቃቂ ቃሊቲ ያልፋሉ፤ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚያ ውኃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያ ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃ፣ በጥሬ ቅጠልና ባልታጠበ እጅ ተመልሶ ሰው አፍ ይገባል። በፍልሰታ ከሥጋና ከወተት ትከለከላላችሁ፤ በዚያው ሰሞን ግን የባልንጀራችሁን ማዕድ ታረክሳላችሁ። ይህ ምን ዓይነት ጾም ነው?

በ2008 ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ወደ ከተማዋ ሲገባ ደነገጣችሁ፤ በ2011 ኮሌራ ሲመጣም እንዲሁ። በሽታው ሲያልፍ ግን ወደ ቀድሞ ሥራችሁ ተመለሳችሁ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየዋጣችሁ ግማሹን የምትተዉም አላችሁ፤ መድኃኒት የማይበግረውን ተሐዋሲ አሳድጋችሁ ወደ ወንዙ ትሰዳላችሁ።

«መንግሥት ያጽዳ» አትበሉ። የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል፤ እናንተ ወደ ቦይ የምትደፉት ግን በደጁም አያልፍም። አከራይ ሆይ፣ ኪራይ ለመቀበል የፈጠነ እጅህ ለመጣጭ መኪና ክፍያ ስለ ምን ታጠፈ? ባለፋብሪካ ሆይ፣ ትርፉን ለራስህ፣ ዝቃጩን ለታችኛው መንደር ማን ፈረደልህ? የዚያ መንደር ሕፃን በተቅማጥ ሲደርቅ እናቱ ስማችሁን አታውቅም፤ ደሙን የሚጠይቅ አምላክ ግን ያውቃል።

ሙሴ በምድረ በዳ የነበረውን ሕዝብ እንኳ ከሰፈር ውጭ ቆፍሮ ዓይነ ምድሩን እንዲሸፍን አዝዞታል። ዘኬዎስም ሲመለስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊከፍል ቃል ገባ።

እንግዲህ ተመለሱ። ጉድጓዱን በመጣጭ መኪና አስመጥጡ፤ አቅም ያነሰው ከጎረቤቱ ጋር ያዋጣ። አትክልቱን በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ አብስላችሁም ብሉ። ከሽንት ቤት ስትወጡ፣ እህል ከመንካታችሁም በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለካህን ተናዝዞ ቱቦውን ክፍት የተወ ሰው ንስሐ አልገባም። ዛሬውኑ ዝጉት!