ልጅህ በጠየቀህ ጊዜ

አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ በጠየቀህ ጊዜ ምን ትመልስለታለህ? ብዙ አባቶች «ልጅ ነህና ዝም በል» ይላሉ። ልጁም ዝም ይላል፤ አባቱም «ጨዋ ልጅ አሳደግሁ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ማክበርና መፍራት አንድ አይደሉም። በአባቱ ቤት ምክንያትን መመርመር ያልተማረ ልጅ ባደገ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚናገር ሁሉ ይታዘዛል፤ እውነትን ከሐሰት መለየት ማን አስተማረውና?

እግዚአብሔር የልጆችን ጥያቄ አልናቀም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ልጆች የፋሲካን ሥርዓት ትርጕም ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሩአቸው ታዘዋል። በመጽሐፈ ኢያሱም ምዕራፍ 4 ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች ልጆች አይተው በጠየቁ ጊዜ መልስ እንዲያገኙ ተተከሉ። ጌታችንም ራሱ በ12 ዓመቱ በመቅደስ መምህራንን ሲያዳምጥና ሲጠይቅ ተገኘ።

ምናልባት «እኔ ድኻ ነኝ፤ ትምህርትም የለኝም» ትል ይሆናል። ይህ ግን ገንዘብ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችን በምሽት በእሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ሲሉ፥ ልጆችም «ምን አውቅልሽ» ሲሉ፥ መልሱም ያቃተው አገር ሲሰጥ፥ የሁሉም አእምሮ ይሳል ነበር። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራም ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 36 ልጆችን ተመልክቶ ነበር። ከታላላቆቻቸው ጋራ እየተመላለሱ ብዙ የሚነጋገሩት ልጆች ተረት ሲሰሙ፥ ቋንቋን የሚያከናውነው የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ተገኘ። ይህም የወላጆቻቸው ሀብት ወይም የሰሙት ቃል ብዛት ብቻ ያመጣው አልነበረም። ቋንቋም የማሰብ መሣሪያ እንደ ሆነ ታውቃለህ።

ይህን ስል ልጅ ወላጁን ይዘዝ ማለቴ አይደለም። ስትከለክለው ምክንያቱን ንገረው፤ ሲናገርም እስኪጨርስ ታገሠው። የማታውቀውን ቢጠይቅህ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» በለው። ተሳስተህ እንደ ሆነ ስሕተትህን እመንለት፤ እውነት ከአባቱም በላይ እንደ ሆነች ያን ጊዜ ይማራል።

ወዳጄ ሆይ፥ ልጅህ ዛሬ በጥያቄው ደጅህን ያንኳኳል። ብትዘጋበት ሄዶ የሌላውን ደጅ ያንኳኳል፤ የማን ደጅ እንደ ሆነ ግን አታውቅም። እግዚአብሔር ለልጆቻችን አስተዋይ ልብ፥ ለእኛም ታጋሽ ጆሮ ይስጠን። አሜን።