ክኒኑና ጸበሉ

ታናሽ ወንድሜ እንቅልፍ እምቢ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳው ጋር ሲነጋገር ያነጋል፤ ሲነጋ ደግሞ እናቴ ያቀረበችለትን ምግብ «መርዝ አለው» ብሎ አይነካም። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። በሰፈር ክሊኒክ ያየው ሐኪም ክኒን አዘዘለት፤ እኛ ግን ክኒኑን በኪሳችን ይዘን ጸበል ወሰድነው።

ስለ ጸበሉ ክፉ አይወጣኝም። እናቴ ሁለት ወር በላስቲክ ጎጆ ስታስታምም፣ ሽሮና ቆሎ ያካፈሏት እዚያው የሚያስታምሙ እናቶች ናቸው። የክርስትና ስሙን ጠይቀው ከልጆቻቸው ስም ጋር ያነሱት ነበር። የሚያስለቅሰኝ ሌላው ነው። ማታ ማታ እግሩ በሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ዛሬም ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው ይታያል። ክኒኑንም አንድ አስተናባሪ አይቶ «ወይ እምነት፣ ወይ ክኒን፤ ምረጡ» አለን። እናቴ በገዛ እጇ ገደል ጣለችው።

ያቺ «ምረጡ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ለመሆኑ መድኃኒት የዋጠ ሰው ፈጣሪውን ክዷል?

የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38ን አወጡልኝ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ለሞት ደርሶ አለቀሰ፤ ጸሎቱ ተሰማ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ያንኑ የምሥራች ያመጣው ነቢይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። «እግዚአብሔር ካዳነው፣ በለሱ ለምን አስፈለገ?» አሉኝና ዝም አሉ። ቆየት ብለው መጽሐፈ ሲራክም በዚያው ቁጥር፣ በምዕራፍ 38፣ ሐኪምን አክብሩ እንደሚል ነገሩኝ። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበር።

ስኳር ያለባት አክስቴ ኢንሱሊኗን ተወግታ ቅዳሴ ስትገባ እምነቷን የሚጠረጥር የለም። ጨጓራውን ያመመውም እንዲሁ። አእምሮ ሲታመም ግን ነፍስ ራሷ የተከሰሰች ይመስለናል፤ ኃጢአቱን ፍለጋ እንነሳለን። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። ተኝቶ ነበር፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፤ እንደገና አበላው። ለኔ ስለ ማስታመም ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወንድሜን በመጨረሻ አማኑኤል ወሰድነው። ሆስፒታሉ በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ለብዙ ዘመንም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሐኪም ቤት ነበር። ስሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ሆኖ ሳለ፣ «ከአማኑኤል ያመለጠ» እያልን መሰዳደቢያ አደረግነው። ይህ ሁልጊዜ ያሳፍረኛል።

እዚያ አግዳሚ ላይ ያገኘኋት ደግሞ የግቢያችን ሙስሊም ጎረቤት ናት። ልጇ ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ጀምሮ አንደበቷ ተዘግቷል። እሷም ቁርኣን ስታስቀራባት ከርማለች። የመስጊዱ ሼህ ግን «ዱዓውንም አትተዉ፣ ሐኪምም አሳዩዋት» ብለው ላኳት። ረመዳን ሲገባ ልጅቷ መጾም እንደምትፈልግ በምልክት አሳይታ አለቀሰች፤ ለታመመ ሰው ጾሙ ግዴታ እንዳልሆነ ቢነግሯትም አልተጽናናችም። ሐኪሙ አይቶ የክኒኑን ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር አዛወረላት። በኢዱ ቀን «ኢድ ሙባረክ» ስላት «አሜን» አለችኝ። ከመጣች ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ወንድሜ አሁን ክኒኑን በየቀኑ፣ መርፌውን በየወሩ ይወስዳል። ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም፤ ጥሩም መጥፎም ሳምንት አለው። ጠዋት ከቢጫዋ ጀሪካን በኩባያ ጸበል ይቀዳል፤ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ያማትባል፤ ከዚያ በጸበሉ ይውጠዋል። እናቴ በጉሮሮው ሲወርድ እስክታይ ድረስ ከበሩ አትነቃነቅም።